ፍራንክና ብር፤ በጅቡቲ ከተማ ኑሮ ለሚመሠርት ሰው

«አገርህ የት ነው? ቢሉት፤ ገና ሚስት አላገባሁም አለ» የሚለው የአባቶች ተረት ለቀልድ ብቻ የተነገረ አይደለም። ሰው አገሬ የሚለው የተወለደበትን ምድር ብቻ ሳይሆን ጎጆ የወጣበትን፣ ዕዳውንና ብድሩን የሚቈጥርበትን፣ ለነገ ብሎ የሚያስቀምጥበትን ስፍራ ጭምር እንደ ሆነ ያመለክታል። ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር የሚሰፍር ሰው ግን ይህን ነገር ቍርጥ አድርጎ ሳይወስን ብዙ ዓመት ይቈያል። አካሉ በአንዱ አገር፣ ሐሳቡ በሌላው፣ ገንዘቡም በሁለቱ መካከል በመንገድ ላይ ይኖራል። አካል ቢደክም ያርፋል፤ ሐሳብም ቢባዝን ይመለሳል፤ በመንገድ ላይ የቀረ ገንዘብ ግን ሌባ ሳይነካው ያልቃል። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ የመጨረሻውን ነገር ነው። ለምሳሌ የምንወስዳትም የኢትዮጵያ ንግድ ዋና በር የሆነችውን የጅቡቲን ከተማ ነው።

ጅቡቲ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ከተማ አይደለችም። ከተማዪቱ የተቈረቈረችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1897 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ መሆኗ ታወቀ፤ የምድር ባቡሩም በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጸሓፊው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ የጉምሩክ አስተላላፊው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የቤት ሠራተኛዪቱም በዚያው ሐዲድ እየወረዱ ኑሯቸውን በባሕሩ ዳር አደረጉ። ከ1977 ወዲህና እንደ ገናም በ1991 በጦርነትና በመንግሥት ለውጥ ምክንያት ብዙ ሰዎች ተሰደው ገቡ። ከ1998 ጀምሮም በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተነሣው ጦርነት የአሰብና የምፅዋ ወደቦች ለኢትዮጵያ ዕቃ ስለ ተዘጉ፣ የገቢና የወጪው ንግድ ከሞላ ጐደል በጅቡቲ ላይ ወደቀ። በጃንዩዌሪ 2018 መደበኛ ሥራውን የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ይህንኑ ግንኙነት አጸና።

እንግዲህ በዚህች ከተማ የሚሰፍር ሰው ገና ከናጋድ የባቡር ጣቢያ ወርዶ ጓዙን ሳይፈታ ሁለት ዐይነት ገንዘብ በአንድ ኪስ ይይዛል። የአንዱ ጠባይ ከሌላው ፈጽሞ የተለየ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ምንም ያህል ታታሪ ቢሆን የድካሙን ዋጋ በሙሉ አያገኝም።

የጅቡቲ ፍራንክ ራሱን ችሎ የቆመው በ1949 ነው። ከዚያ በፊት ከፈረንሳይ ፍራንክ ጋር ይሄድ የነበረው ገንዘብ በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ዶላር ጋር ታሰረ፤ ሒሳቡም 1 ዶላር በ214.392 ፍራንክ ሆነ። ዶላር ራሱ በ1971 እና በ1973 ዋጋው ዝቅ እንዲል በተደረገ ጊዜ የፍራንኩ ሒሳብ መጀመሪያ ወደ 197.466፣ ቀጥሎም ወደ 177.721 ተለወጠ። ከ1973 ወዲህ ይህ ቍጥር አልተነቃነቀም። አገሪቱ በጁን 27 ቀን 1977 ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ እንኳ ደንቡን አልነካችውም። ምክንያቱም የሚወጣው ፍራንክ በውጭ አገር ገንዘብ ክምችት የተደገፈ እንዲሆን ሕጉ ስለሚያስገድድ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ 1,000 ፍራንክ ያስቀመጠ ሰው ከ10 ዓመት በኋላም ያንኑ ያህል ዶላር ይመነዝርበታል።

የብር ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄዷል። በ1945 የወጣው የኢትዮጵያ ዶላር በ1976 ብር ተብሎ ተሰየመ፤ እስከ 1992 ድረስም 1 የአሜሪካ ዶላር በ2.07 ብር ሲመነዘር ኖረ። በኦክቶበር 1992 ምንዛሪው 5 ብር ሆነ። ከዚያም ቀስ በቀስ እየወረደ ሄዶ በ2024 አጋማሽ 1 ዶላር ከ57 ብር በላይ ደረሰ። በጁላይ 29 ቀን 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ በለቀቀው ጊዜ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ይህን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሰው በ1991 ወደ ጅቡቲ ሲሄድ 1,000 ብር በአገር ቤት አስቀምጦ ወጣ እንበል። በይፋው ምንዛሪ ሲሰላ ያ ገንዘብ በዚያን ጊዜ ወደ 86 ሺሕ የጅቡቲ ፍራንክ ያህል ነበር። በ1992 መጨረሻ 35 ሺሕ ተኩል ያህል ሆነ። በ2024 ከለውጡ በፊት 3,100 ፍራንክ እንኳ አይሞላም ነበር፤ 1 ዶላር 100 ብር በሆነ ጊዜም 1,777 ፍራንክ ብቻ ቀረ። ወለዱን ብንጨምርለት ጥቂት ያቃናው ይሆናል እንጂ የጠፋውን አይመልሰውም። ሰውዬው አልሰከረም፤ ቁማር አልተጫወተም፤ ማንም አላታለለውም። ጥፋቱ «ለከርሞ እመለሳለሁ» እያለ ገንዘቡን ያለ ሥራ ማስቀመጡ ብቻ ነው።

ይህን ስንል ብርን ለማቃለል አይደለም። ብር ሥራ ላይ የዋለ እንደ ሆነ፣ ይኸውም ለቤት መሥሪያ ወይም ለከብት መግዣ ወይም ለልጅ ትምህርት የተከፈለ እንደ ሆነ፣ ተግባሩን ፈጽሟል፤ የተገዛውም ነገር ዋጋው ከሌላው ዋጋ ጋር አብሮ ይነሣል። የሚጎዳው ሥራ ፈትቶ የተኛው ብር ነው። እንዲሁም በአገር ቤት የብር ዕዳ ያለበት ሰው በጅቡቲ ፍራንክ የሚያገኝ ከሆነ፣ የምንዛሪው መውረድ ዕዳውን አቀለለለት እንጂ አላከበደበትም። ከዚህ የምንማረው ትምህርት አጭር ነው፤ ገንዘብ የሚቀመጠው ወጪው በሚጠብቀው ዐይነት ይሁን።

ስለዚህ አዲስ ሰፋሪ የወር ገቢውን በሦስት ቢከፍለው መልካም ነው። የመጀመሪያው ክፍል ለጅቡቲ ኑሮ የሚውል ሲሆን በፍራንክ ይያዛል፤ ከተቻለም የሦስት ወር የቤት ኪራይና ቀለብ እስኪሞላ ድረስ አይነካም። ሁለተኛው ክፍል በአገር ቤት ለሚጠብቁት ወላጆችና ልጆች የሚላከው ነው። ይህ በሚፈለግበት ጊዜ በሚፈለገው ልክ ተመንዝሮ ይላካል እንጂ አስቀድሞ በብር አይከመርም። ሦስተኛው ክፍል ገና ሥራ ያልተወሰነለት ቁጠባ ነው፤ ይህም በፍራንክ ወይም በዶላር ይቀመጣል። በአገር ቤት ባንክ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ቢኖርም፣ ብሔራዊ ባንክ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር ገንዘብ የሚታሰብ ሒሳብ እንዲከፍቱ የሚፈቅድ መመሪያ ስላለው ጠይቆ መረዳት ይገባዋል።

ከሦስቱ ሁሉ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። ከአገር የወጣ ሰው «እጁ አጠረ» እንዳይባል በመፍራት ለራሱ ሳይተርፈው ይልካል፤ ዘመድም ፍራንኩ በብር ሲመነዘር ብዙ መስሎ ስለሚታየው ጥያቄውን ያበዛል። በጅቡቲ ግን ቀለቡ፣ ልብሱ፣ የቤቱ ዕቃ ከሞላ ጐደል ሁሉ ከውጭ የሚገባ ስለ ሆነ ኑሮው ውድ ነው። ስለዚህ ላኪው የኪራዩንና የቀለቡን ልክ ለቤተ ሰቡ ገልጦ መጻፍ አለበት። እውነተኛውን ሒሳብ የሚያውቅ ቤተ ሰብ በልኩ ይጠይቃል፤ የማያውቀው ግን ልጁን ባለጸጋ አድርጎ ይቈጥራል።

የወጪውን ልክ ለማወቅ ደግሞ የከተማዪቱን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። በክረምት ወራት፣ ይኸውም ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም ይነፍሳል። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ትገዛለች፤ ይሁን እንጂ የመብራት ሒሳብ ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። በብርዱ ወር መጥቶ ቤት የተከራየ ሰው የአየር ማቀዝቀዣ ሲጀምር ሒሳቡ ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ከመከራየቱ በፊት የመብራቱና የውሃው ቆጣሪ ለብቻ መሆኑን፣ ያለፈውም የበጋና የክረምት ሒሳብ ስንት እንደ ነበረ ይጠይቅ። በአምቡሊ ወንዝ ዳር ባለው ዝቅተኛ ስፍራ በርካሽ የሚከራይ ቤት ቢያገኝም፣ በኖቬምበር 2019 ከተማዪቱን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ አስቦ ይወስን።

ቀጥሎ የሚመጣው የወረቀት ጉዳይ ነው። በጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ስለ ሆኑ የሥራ ውል፣ የኪራይ ውልና የባንክ ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንሳይኛ ይጻፋል። ያላነበቡትን ወረቀት መፈረም ያልቈጠሩትን ገንዘብ እንደ መቀበል ነው፤ የሚያነብለት የታመነ ሰው መፈለግ አያሳፍርም። የመኖሪያ ፈቃድና የተጻፈ የሥራ ውል የሌለው ሰው በባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይቸገራል፤ ሒሳብ የሌለውም ገንዘቡን በፍራሽ ሥር ወይም በሰው እጅ ያስቀምጣል። በደመወዝ የሚተዳደር ሰውም አሠሪው ለብሔራዊው የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት አስመዝግቦት እንደ ሆነ፣ ከደመወዙ የተቀነሰውም በስሙ ገብቶ እንደ ሆነ ይመርምር። ስደተኞችን በሚመለከት በጃንዩዌሪ 2017 የወጣው ሕግ የመሥራት፣ የመማርና የመታከም መብት ስለ ሰጣቸው፣ በዚህ መንገድ የገቡ ሰዎች የስደተኛነት ወረቀታቸውን አሟልተው መያዝ ይጠቅማቸዋል።

ገንዘብ ስለ መመንዘርም ጥቂት እንበል። በከተማዪቱ ገበያ ዳር በበርጩማ ተቀምጠው ብር፣ ዶላርና ፍራንክ የሚመነዝሩ ሴቶች አሉ፤ ፈጣንና የሠለጠኑ ናቸው። ሆኖም መጀመሪያ የባንኩን የዕለት ዋጋ ጠይቆ ወደ እነርሱ መሄድ አስተዋይነት ነው። ወደ ኢትዮጵያ ገንዘብ ሲላክ ግን ደረሰኝ በሌለው መንገድ መላክ ከሕግ ውጭ ከመሆኑም በላይ፣ ገንዘቡ ቢጠፋ አቤት የሚባልበት ስፍራ የለውም።

አገራችን ያስተማረችን ዕቁብና ዕድር በስደት አገርም ይረዳሉ። ዕቁብ ለአዲስ መጪ የቤት መያዣና የዕቃ መግዣ በአንድ ጊዜ ያስገኝለታል፤ ዕድር ደግሞ በሕመምና በሞት ጊዜ ብቻውን እንዳይቀር ያደርገዋል። ነገር ግን ዕቁቡ በፍራንክ የሚሰበሰብ፣ ስሙና ተራው በመዝገብ የተጻፈ፣ ዋሱም የታወቀ ይሁን።

ለነጋዴዎች ደግሞ የተለየ ማስታወሻ አለን። በኖቬምበር 1997 ኤርትራ ናቅፋን ባወጣች ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ በአንድ ብር ሲገበያዩ የኖሩት የሁለቱ አገር ነጋዴዎች ንግዳቸው በውጭ ምንዛሪ እንዲሆን በመደረጉ እንዴት እንደ ተቸገሩ የማያስታውስ የለም። በድንበር ወዲያና ወዲህ ዱቤ የሚሰጥ ሰው ስለዚህ በደረሰኙ ላይ የገንዘቡን መጠን ብቻ ሳይሆን በምን ዐይነት ገንዘብና በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚመለስ ይጻፍ። አንድ መሥመር ጽሑፍ የአንድ ዓመት ክርክር ያስቀራል።

ሠራተኞቻቸውን ወደ ጅቡቲ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶችም ለተላኪው የባቡር ቲኬትና የሹመት ደብዳቤ ሰጥተው ብቻ ባያሰናብቱት መልካም ነው። ደመወዙ የትኛው ክፍል በብር፣ የትኛው በፍራንክ እንደሚከፈል፣ የሕክምናው ወጪ በማን ላይ እንደ ሆነ፣ የመኖሪያ ፈቃዱንም ማን እንደሚያስፈጽም በአንድ ገጽ ቢጽፉለት፣ ሰውየው የመጀመሪያዎቹን ወራት በብድር ከማለፍ ይድናል። በብድር ኑሮውን የጀመረ ጸሓፊ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱም ቢሆን አይበጅም።

ከአገር የወጣ ሰው አገሩን ይርሳ አንልም፤ መመለስን ተስፋ ማድረግም የተፈጥሮ ነገር ነው። ነገር ግን ተስፋ የልብ ሥራ ነው፤ ሒሳብ የመዝገብ ሥራ ነው። የሚመለስም ሆነ የማይመለስ ሰው ዛሬ ያለበትን አገር ገንዘብ፣ ሕግና ዋጋ ዐውቆ በዚያ መሠረት ቢኖር፣ መመለሱ በደረሰ ጊዜ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ባይመለስም ልጆቹ የሚቆሙበትን መሠረት ይተውላቸዋል።