የሂሳብ ሚዛንና የስልክ ገንዘብ

ጤፍ ከሉማሜ በስልክ ትእዛዝ እየሸጠ ለአዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ሁለት መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ መቀበያና መመዝገቢያ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የስልክ ኔትወርክ እስካለ ድረስ በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ገዢው የሚልከው የክፍያ ምስል ግን በቀላሉ ሊቀነባበር ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም፤ ነጋዴው ጤፉን ከማስጫኑ በፊት የራሱን ሂሳብ ይመልከት።

ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ያስፋፋው ድርብ የሂሳብ አመዘጋገብ፣ ጉልበት አይፈጠርም አይጠፋም ከሚለው የፊዚክስ ሕግ ጋር ይመሳሰላል። 5,000 ብር ከገባ፣ የመጣበት ምንጭም በዚያው መጠን ይጻፋል። ጤፉ ገና ካልተላከ ገንዘቡ ዕዳ እንጂ ሽያጭ አይደለም። ይህን ለይቶ የማያሳይ መዝገብ፣ ደብተርም ይሁን ሶፍትዌር፣ ነጋዴውን የሰው ገንዘብ እንደ ትርፍ ያስበላዋል።