ከመድረክ ወደ መድረክ

ድምፃዊው ሙሉቀን መለሰ በ2016 ዓ.ም. በስደት በሚኖርባት አሜሪካ ሲያርፍ ሁለት ዓይነት ለቅሶ ተለቀሰለት። አንደኛው የሬዲዮው ነው። በወጣትነቱ የተጫወታቸው ዘፈኖች እየተደጋገሙ ተሰሙ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ዳግም አይገኝም ተባለ። ሁለተኛው የምእመናኑ ነው። እነሱ ያዘኑት ዝናን ጥሎ ለወጣ ዘማሪ ወንድማቸው ነበር። ሁለቱ ለቀስተኞች የሚያለቅሱት ለአንድ ሰው አይመስልም ነበር።

ሙሉቀን ከጎጃም መጥቶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ጢም ሳያበቅል ፖሊስ ኦርኬስትራ የገባ ልጅ ነው። ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው ሥራ ዛሬም በአድናቂዎቹ እጅ እንደ ቅርስ ይያዛል። ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ወንጌላዊ ክርስቲያን ሆነ፤ ዘፈኑንም እርግፍ አድርጎ ተወው። እሱ ይተወው እንጂ ዘፈኑ እሱን አልተወውም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምር በመጀመሪያው ሲዲ ላይ የሙሉቀን ድምፅ ነበረበት። የዘፈኑ ባለቤት ጸሎት ቤት ተቀምጦ በሚያመልክባቸው ዓመታት፣ አማርኛ የማይሰማ የአውሮፓ ወጣት የድሮ የፍቅር ዘፈኑን ያጣጥም ነበር።

ሂሩት በቀለም እንደዚሁ ናት። ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ስሟ አገር ያዳረሰ ድምፃዊት ነበረች፤ ኋላ ዘፈንን ትታ ዘማሪት ሆነች፣ በ2015 ዓ.ም. አረፈች። በየዘመኑ እንዲህ የተሻገሩ ሌሎችም አሉ። የተሻገሩበት ምክንያት የየራሳቸው ነው፣ እሱን ለመመርመር መብቱም አቅሙም የለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ወዲያኛው ዳር ላይ ቆሞ የተቀበላቸው ሕዝብ ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ስለ ዘፈን ግማሽ ምዕተ ዓመት ተከራክሯል። ስለ ዝና ግን ያን ያህል የተከራከረ አይመስለኝም። አጥሩን የሠራው በዘፈን በኩል ስለነበር ዝና በዋናው በር፣ መዝሙር ይዞ ገባ።

አጥሩ ያለ ምክንያት አልተሠራም። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ስትመሠረት የአዲስ አበባ ሌሊት የጭፈራ ቤቶቹ ሰፈር የውቤ በረሃ ሌሊት ነበር። በዚያ ዘመን ዘፈን ዜማና ግጥም ብቻ አልነበረም። መጠጡ፣ ዳንሱ፣ ደመወዝ በአንድ ሌሊት የሚያልቅበት ጠረጴዛ፣ ሚስት በመስኮት እያየች የምታነጋው ሌሊት ሁሉ አብሮት ነበር። ከዚያ ሕይወት የወጣ ወጣት ዜማውን ከመጠጥ ቤቱ ለይ ቢሉት አይገባውም፤ አንድ ላይ ይዘውት ነበርና አንድ ላይ ጣላቸው። ከዚህ ላይ አገሩ ለአዝማሪ የነበረው የቆየ ንቀት ሲጨመር አጥሩ የበለጠ ከፍ አለ። በሠርጉ ያለ አዝማሪ የማይደሰት ሰው ልጁን ለአዝማሪ አይድርም ነበር። ይህ ንቀት ከወንጌል የመጣ አይደለም፤ ግን ከወንጌል ጋር ተቀላቅሎ ሲሰበክ ኖሯል።

በደርግ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆነ። ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ ምእመኑ በየሰው ሳሎን መጋረጃ ዘግቶ ማምለክ ጀመረ። ያኔ ዘማሪ መሆን በቀበሌ መዝገብ ስም ማስጻፍ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። መዝሙሮቹ ግን ከካሴት ካሴት እየተገለበጡ፣ ድምፁ በካሴቱ ሹሹታ እስኪዋጥ ድረስ ከከተማ ከተማ ዞሩ። ብዙው አድማጭ መልኩን አያውቀውም። ካሴቱ ሽፋን የለው፣ ስም የለው፤ ቢያዝ ሰው እንዳያስይዝ በእስክሪብቶ እንኳ አይጻፍበትም። በሕዝብ የተወደደ፣ ሕዝብ ግን መንገድ ላይ ቢያገኘው የማይለየው ሰው! ዛሬ ዝነኛ የሚባለው ሰው ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማየት ብዙ መጓዝ አያስፈልግም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ካሴቱ ሽፋን አገኘ። ሽፋኑ ላይ ፎቶ መጣ፤ ሙሉ ልብስ፣ ከረቫት፣ ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ። ቀጥሎ ቪሲዲ መጣና ዘማሪው ፏፏቴ ሥር ቆመ። ያን ዘመን ያየ ሰው አይረሳውም፦ በአንድ መዝሙር ሦስት ጊዜ ልብስ ይቀየራል፣ የአንድ ሆቴል ግቢ አበባ በስንት ዘማሪ ክሊፕ ውስጥ ይመላለሳል። ይህን ስል ለማላገጥ አይደለም፤ ከጓዳ ወደ አደባባይ የወጣ ሕዝብ ቢያጌጥ አይፈረድበትም። ደግሞም የምእመኑ ቁጥር አድጎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ፕሮቴስታንት የተባለው ከመቶ 18.6 ሆኖ ተመዘገበ። ይህን ያህል ሕዝብ ዘፈን አልሰማም ብሎ ሲነሳ ሌላ የሚሰማው ነገር የሚፈልግ ትልቅ ገበያ ተፈጠረ ማለት ነው። ገበያ ደግሞ ኮከብ ይፈልጋል። በጋራ ጋውን ለብሶ፣ የማንም ስም ሳይጠራ የሚያገለግለው የመዘምራን ቡድን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተገፋ፤ ሶሎ ዘማሪው ከፊት ቆመ። ሳተላይት ሲመጣ ደግሞ ሰባኪውና ነቢዩ በተራቸው የራሳቸውን ጣቢያ ይዘው ብቅ አሉ። ዛሬ አንድ የኮንፈረንስ ፖስተር ከሩቅ ያየ ሰው የሙዚቃ ድግስ ይሁን የጸሎት ጉባኤ ለመለየት ጠጋ ብሎ ማንበብ አለበት።

በኦርቶዶክሱ በኩል ነገሩ ሌላ መንገድ ተከትሏል። እዚያ ዘፈንና ቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ተከፋፍለው ኖረዋል። ሁዳዴ ሲገባ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ በገና ይደረድራል፣ ጭፈራ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ፋሲካ ሲደርስ አዲስ አልበምና ኮንሰርት ይጎርፋል። ዘፋኙ ራሱ ይጾማል፤ አድናቂውም ይጾማል። ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ያረፈው በዚያው በፋሲካ ዕለት ነው። አስከሬኑ የተቀበረው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው፤ ከተማው ነቅሎ ወጥቶ ሸኝቶታል። ሰባኪው «ዘፈን አይጠቅምም» ብሎ ቢያስተምርም ዘፋኙን ግን ልጄ ነው ብሎ ይቀብራል። ከውጭ ለሚያየው እርስ በርሱ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እዚህ ውስጥ አንድ የሚበጅ ነገር አያለሁ፦ ሰውየው ከሙያው ተለይቶ ይታያል፤ ተጠምቆ ያደገ፣ የሚሞት፣ ፍትሐት የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ዝናን በሚመለከትም ትምህርቱ ከጥንት አለ። ውዳሴ ከንቱን አባቶች ከዋና ዋናዎቹ ፈተናዎች ይቆጥሩታል፤ ገዳማዊው በሕዝብ ሲታወቅ በረሃ ለውጦ የሚሸሽባቸውን ታሪኮች ሰምተን አድገናል። አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስሙን ሳይጽፍ አልፏል። ቢሆንም ራሳችንን አንሸንግል። ጣና ሐይቅ ላይ ናርጋ ሥላሴ የገባ ሰው፣ ያሠራቻት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ፣ ያማረ ልብሷን ለብሳ ተሥላ ያያታል። ትሕትናም ነው፣ ማስታወቂያም ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ሁለቱን አንድ ላይ መሣል ችሎበታል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ ያለው የልስጥራን ታሪክ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ ሲሰበክ አልሰማሁም። ጳውሎስ ሽባ ፈወሰ። ሕዝቡ በአማልክቱ ስም በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ብሎ ሰየመ፤ የድያ ካህን ኮርማና የአበባ ጉንጉን ይዞ መጣ። ሐዋርያት ልብሳቸውን ቀደው፣ እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን እያሉ ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጡ። ወደ መካከል መሮጣቸውን ልብ ይሏል፤ ከመድረክ ላይ ሆነው «ክብሩ ለጌታ ይሁን» ብለው አላለፉም። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከአንጾኪያና ከኢቆንዮን የመጡ አይሁድ ያንኑ ሕዝብ አባብለው ጳውሎስን በድንጋይ ደበደቡት፣ ሞተ ብለውም ከከተማ ውጭ ጎተቱት። የአበባውን ጉንጉን ያመጣውና ድንጋዩ ሲነሳ የተባበረው አንድ ሕዝብ ነው። የዛሬው አድናቂ ከልስጥራኑ የሚለየው ድንጋዩን በስልክ ስለሚወረውር ብቻ ነው።

ይህን በጣም የሚቀምሰው ደግሞ ያ «የተሻገረው» ሰው ነው። አንድ ታዋቂ ድምፃዊ ጌታን ተቀበለ የተባለ ዕለት የሚሆነውን አስቡት። በሳምንቱ ምስክርነት ይሰጣል። በወሩ የሦስት ከተማ ኮንፈረንስ ተይዞለታል። ዩቲዩቡ «ሰበር» ብሎ ያወጣዋል፣ ፖስተሩ ላይ ስሙ ከሰባኪው ስም በላይ ይጻፋል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ አዲስ አማኝን በትዕቢት እንዳይወድቅ ለኃላፊነት አታቻኩለው ብሎ የመከረው ምክር ለታዋቂ ሰው አይሠራም የተባለ ይመስላል። የአባልነት ደብዳቤ ለማዛወር ሲመጣ ተራ ምእመን እንኳ ስድስት ወር ይጠብቃል፤ ታዋቂው ለምን አይጠብቅም? ታዋቂው የሚፈለገው ስሙ ስላለ ነው። ዓለም በስሙ ትኬት ሸጣለች፣ እኛም በስሙ ወንበር ሞላን። እሱ ከመድረክ ወርዶ ዝም ያለ ቦታ ፍለጋ ነበር የመጣው። የሰጠነው ሌላ መድረክ ነው። ሲደክም፣ ሲሳሳት ወይም አንድ የፍቅር ዜማ ድንገት ከአፉ ሲወጣ ደግሞ «ድሮም ከልቡ አልነበረም» የሚለው የመጀመሪያው ድምፅ ከዚያው ካጨበጨበው ረድፍ ይሰማል።

ዘሪቱ ከበደ የሄደችበት መንገድ ከእነ ሂሩት የተለየ ነው። በ1997 ዓ.ም. ባወጣችው አልበም ወጣቱን የማረከች፣ ራሷ ደርሳ ራሷ የምትጫወት ድምፃዊት ናት። በኋላ «ቀሚስ የለበስኩለት» በተባለው ፊልምም ታይታለች። ስለ እምነቷ በአደባባይ ስትናገር ግን የጥበብ ሰውነቷን አልጣለችም። «ታዲያ ዘፋኝ ናት ዘማሪት?» የሚለው ጥያቄ እስካሁን ይከተላታል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ሥራዋን ለመስማት የሚያስፈልገው ጊዜ የለውም፤ የሚፈልገው የምትቀመጥበትን መደርደሪያ ማወቅ ነው። ስለ ትዳር፣ ስለ አገር፣ ስለ እናት የሚዘፍን ክርስቲያን የት ይቀመጥ ለሚለው አብያተ ክርስቲያናቱ የጋራ መልስ የላቸውም።

ምእመኑ ግን መልስ ሳይጠብቅ እየኖረ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የ«ጴንጤ» ሠርግ አዳራሽ ግቡ። ዲጄው መዝሙር ነው የሚያጫውተው፤ ምቱ ግን ጉራጊኛ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሚዜዎቹ በትከሻቸው ይገባሉ፣ አክስቶች እልል ይላሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ እጃቸውን አጣምረው፣ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ምቱን እየተከተለ ይመለከታሉ። ግጥሙ ውስጥ የጌታ ስም እስካለ ድረስ ማንም ምንም አይልም። በማግስቱ ከሚዜዎቹ አንዱ ወጣት በስልኩ የቲክቶክ ላይቭ ከፍቶ ያመሻል። በአንዱ መስኮት ሰባኪ ተሳዳቢን ይሳደባል፣ በሌላው ዳንሰኛ ትጨፍራለች። ለሁለቱም የሚወረወረው ስጦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰባኪውም ዳንሰኛዋም የሚያመሰግኑት «አንበሳ» የተባለውን ስጦታ የላከውን ሰው በስሙ ጠርተው ነው። ልጁ «ዘፈን አልሰማም» ሲል እውነቱን ነው። ማንን ሲያደንቅ እንደሚያመሽ፣ ያ አድናቆት ምን እንደሚያደርገው ግን የጠየቀው የለም። የወጣቶች ጥናት ላይ ስለ ዘፈን የሚጠፋው ሰዓት ሩቡ እንኳ ለዚህ ቢውል ባይ ነኝ።

አንድ ተረስቶ የቆየ የሂሳብ ጉዳይም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ መብት ይሰጣል፤ ከዋኙም የራሱ መብት አለው። ስለዚህ ሰው ዘፈን ቢተውም በዘፈኑ ላይ ያለው መብት አብሮ አይጠፋም። ሙዚቃው ሲጫወት፣ ሲሸጥ፣ ውጭ አገር በሲዲ ሲታተም ገንዘብ ያመነጫል። ከቀድሞ ሕይወቴ አልፈልግም ብሎ ቢተወው ጥቅሙ ለሌላ ነጋዴ ነው የሚሆነው። ቢቀበለው ደግሞ «ተወ የተባለው ከዘፈን ይበላል» ይባላል። ምስክርነቱን በስሙ ያስተዋወቀች ቤተ ክርስቲያን እዚህ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። መድረኩ ሲያልቅ ስልክ የሚደውልለት፣ የቤት ኪራዩን የሚጠይቀው፣ ይህን ውል አብሮት የሚያነብለት ሰው አይመደብም። ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ወንድሜ፣ ጸልይበት» ነው።