በከዚራና በአካባቢው አይጥ የሚበዛባቸውና የሚያንስባቸው ወራት

ልጆች ሳለን በከዚራ ቤታችን፥ በኅዳርና በታኅሣሥ የእህሉ ጓዳ አይጥ ሲሞላ «ከወዴት መጡ?» እንል ነበር። ወጥመድም የምንገዛው ያን ጊዜ ነበር። ዛሬ ነገሩን ስንመረምረው፥ የዘገየነው በብዙ ወር መሆኑን ተረዳን።

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ ዝናብ የምታገኘው በሁለት ወቅት ነው፤ ይኸውም በመጋቢትና በሚያዝያ የበልጉን፥ ከሐምሌ እስከ መስከረም የክረምቱን ነው። ዝናብ ሲጥል ሣር ይበቅላል፤ ሣሩም ዘር ሲይዝ የመስክ አይጥ መራባት ይጀምራል። በአገራችን እርሻ ብዙ ጥፋት ከሚያደርሱት አንዱ ሊቃውንት ባለ ብዙ ጡት የሚሉት ወገን ነው። የእንስቲቱ ጡት እስከ 24 ይደርሳል፤ 23 ቀን ያህል አርግዛም ዐሥር ያህል ልትወልድ ትችላለች። የአዋሽ ሸለቆው ዓይነት ከዘመዶቹ ተለይቶ ስም የወጣለት ገና በ1998 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ አይጡ እጅግ የሚበዛው ዝናቡ በሚያይልበት ወር ሳይሆን፥ የክረምቱ ልጆች አድገው ማሽላው በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ምድሩ ይደርቃል፤ መውለድ ይቆማል፤ አብዛኞቹም ያልቃሉ። እስከሚቀጥለው ዝናብ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። በከተማ ቤቶች ግን ምግብ ዓመቱን ሙሉ ስለማይታጣ፥ የወራቱ ልዩነት እንደ መስኩ አይጎላም።

ዓመትና ዓመትስ ለምን ይለያያል? በአውሮፓ ደን የአይጡ ብዛት የሚከተለው የዛፉን ፍሬ ነው፤ የባሉጥ ፍሬ በብዛት የወደቀ እንደ ሆነ፥ አይጦቹ በብርዱ ወራት ሳያልቁ ይከርማሉ፥ አንዳንዴም ይወልዳሉ፤ በሚመጣው ዓመትም ይበዛሉ። በእኛ ዘንድ የፍሬውን ቦታ የያዘው ዝናብ ነው። በታንዛንያ፥ በሞሮጎሮ፥ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፥ የመጀመሪያው ዝናብ ጠንክሮ የጣለ እንደ ሆነ አይጦች ቀደም ብለው ይወልዳሉ፤ እነዚያ ልጆችም በዚያው ዓመት በሁለተኛው ዝናብ ራሳቸው ወላጆች ይሆናሉ። የድሬዳዋም ዝናብ ሁለት ጊዜ በመሆኑ፥ በልጉ መልካም የሆነለት ገበሬ ደስታው ከሥጋት ጋር ነው ብንል ማጋነን አይመስለንም።

የዘር ማሽላውን ከአይጥ ለማትረፍ የሚሻ ሰው እንግዲህ ወጥመዱን መዘርጋት ያለበት በየካቲት፥ አይጡ ጥቂት ሳለ ነው። በዚያ ወር የተገደለች አንዲት እንስት፥ በኅዳር ከሚገደሉት ከብዙዎቹ ትበልጣለች፤ ነገር ግን በየካቲት አይጥ ስለማይታይ ወጥመድ የሚገዛ የለም።