ነርሷ ወደ ከሚሴ ስትዛወር፤ ኪራይና ሌላው ሒሳብ

ሰው ለተሻለ ኑሮ ሲል ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር መሄዱ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ገበሬው ለም መሬት፣ ነጋዴው ገበያ፣ የቆሎ ተማሪውም የተመሰከረለት መምህር ፍለጋ ሲጓዝ ኖሯል። በዘመናችን ደግሞ ብዙ ነርሶች ይኸንኑ ጉዳይ ከትዳር ጓደኞቻቸው ጋራ ይመክራሉ። «በአዲስ አበባ የምንቀበለው ደመወዝ ከቤት ኪራይ ተርፎ ለልጆቻችን አልደርስ ብሏል፤ ኑሮ ወደሚረክስበት አገር ብንዛወር አይሻልምን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ስለ ኪራይ ብቻ በማሰብ የሚገኝ ስላልሆነ፣ ነገሩን በአንድ በታወቀ ስፍራ፣ በከሚሴ ላይ አድርገን እንመርምረው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ ከተማ ናት። በዐማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለምዶ የኦሮሚያ ዞን የሚባለው፣ ዋና ከተማው እርስዋ ናት። ዞኑ ዳዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ደዌ ሐረዋንና ባቲን ያጠቃልላል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዞኑ ከ457 ሺህ በላይ፣ በከሚሴ ከተማ ደግሞ ከ19 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር። የሚበዛው ሕዝብ ኦሮምኛ ተናጋሪና የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። የባቲ የሰኞ ገበያ ከደጋውም ከአፋር ቈላም የሚመጣውን ሰው የሚያገናኝ በመሆኑ ስሙ በሩቅ ይጠራል።

አስቀድመን ስለ ገንዘቡ እንናገር። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚለየው ይልቁንም በሥራው ደረጃ ነው እንጂ በከተማው አይደለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው ስኬል በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ላይ 7 በመቶው፣ ይኸውም 805 ብር፣ ለጡረታ ይቀነሳል፤ የሥራ ግብሩም እንዲሁ ይወጣለታል። ይህ ጭማሪ የመጣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የጤና ባለሞያዎችም በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ደመወዛቸው አጥብቀው ከጠየቁ በኋላ ነው። እንግዲህ የደመወዙ ቍጥር በሁለቱም ከተሞች ተቀራራቢ ከሆነ፣ ልዩነቱ ያ ገንዘብ በሚገዛው ነገር ላይ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት የሚያስከራየው ገንዘብ በትንሽ ከተማ ሰፋ ያለ ቤት ከነግቢው ያስገኛል። ነርሷም ወደ ሥራዋ በእግርዋ ስለምትሄድ የታክሲው ወጪና በሰልፍ የሚባክነው ሰዓት ይቀርላታል።

ዳሩ ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ የምትሠራ ነርስ ከመንግሥት ሥራዋ ውጭ በግል ክሊኒክ ተጨማሪ ሥራ አግኝታ ጎዶሎዋን ልትሞላ ትችላለች፤ በትንሽ ከተማ ይህ ዕድል ጠባብ ነው። ባልም በከተማው ያለውን ሥራ ትቶ የሚከተላት ከሆነ፣ ሁለት ደመወዝ አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከኪራይ የተረፈውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ገቢ መቍጠር ያስፈልጋል። የዲዩቲ ክፍያ በወቅቱ ይደርስ እንደ ሆነ፣ የቤት አበል ወይም የበረሃ አበል ይገባት እንደ ሆነ፣ ከመሄዷ በፊት ከዚያው ከሚሠሩ ባልደረቦች ጠይቃ ብትረዳ ይበጃታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

ሁለተኛው የሚታሰበው የአገሩ ጠባይ ነው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ቈላማ ከተማ ናት። በአገራችን ወባ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ደጋ የሚወርድ ቤተ ሰብ ሰውነቱ በሽታውን አልለመደውም። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በመላው አገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ስለዚህ ወደዚያ የምትዛወር እናት ከዕቃዋ ሁሉ አስቀድማ አጎበር ትያዝ። ልጅዋም ትኩሳት ሲነሣበት እስከ ነገ እንይ ሳትል በዚያው ቀን ደሙን ታስመርምር።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በዞኑ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። በከተማዋ አማርኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ከገጠር በቃሬዛ የመጣች ወላድ ምጡ በያዛት ሰዓት የምትናገረው ከእናትዋ በተማረችው ቋንቋ ነው። ሕመሙ የት ላይ እንደ ሆነ፣ ደም መፍሰስ የጀመረው መቼ እንደ ሆነ የሚነገረውን ያልሰማች ነርስ፣ እጅዋ የቱን ያህል የሠለጠነ ቢሆን ግማሽ ሥራዋ ቀርቶባታል። አስተርጓሚ አለ ቢባል፣ ሴት በአማቷ ወይም በጎረቤቷ አፍ የማትናገረው ብዙ ነገር አለ። «ኤሳቱ ሲ ዹኩባ?»፣ ይኸውም የት ላይ ያምሻል ማለት፣ በአንድ ቀን የሚለመድ ነገር ነው፤ መልሱን መስማት ግን ወራት ይፈልጋል። ቢሆንም ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳልና፣ በየቀኑ ጥቂት ቃል የምትይዝ ነርስ በዓመትዋ ያለ አስተርጓሚ በሽተኛዋን ልታነጋግር ትችላለች።

ከቋንቋ ቀጥሎ የሚመጣው የሕሙማኑን ልማድ ማወቅ ነው። በረመዳን ወራት በሽተኛው መድኀኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ ነርሷ አስባ ልትመክረው ይገባል። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋራ ተመካክሮ ጾሙ እንደሚላላለት ሁሉ፣ በእስልምናም ሕመምተኛ ጾሙን እንዲያቆይ ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል፤ ይህንንም የራሱ የሃይማኖት አባት ቢነግረው ይበልጥ ይቀበላል። ብዙ ሴቶች በሴት ነርስ መታየትን ይመርጣሉ። ይህን ፈቃዳቸውን የምታከብር ነርስ ሳትለፋ የሕዝቡን እምነት ታገኛለች።

የክርስቲያን ቤተ ሰብስ በዚያ እንዴት ይኖራል? ይህ ጥያቄ በአንባብያን ልብ ሳይመጣ አይቀርም። በወሎ ምድር ከአንድ ቤተ ዘመድ ክርስቲያንም እስላምም መገኘቱ የታወቀ ነው፤ በሐዘንም በደስታም ሁለቱ ወገኖች ይጠያየቃሉ። የሚለየው ማዕዱ ነው። ክርስቲያኑ የእስላም፣ እስላሙም የክርስቲያን እርድ ስለማይበላ፣ የፍስክ ሥጋ ከየት እንደሚገኝ፣ ለበዓልም ከማን ጋራ ቅርጫ እንደሚገባ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤቱንም ሲከራዩ ቤተ ክርስቲያኑ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት ነው፤ ሌሊት በዲዩቲ ያደረች እናት ለቅዳሴ ሩቅ መንገድ መሄድ ይከብዳታልና። የልጆች ትምህርት ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊታሰብ ይገባል። በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ስለሚሰጥ፣ በአማርኛ ፊደል የቈጠረ ልጅ በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀጥል ወላጆች በቦታው ተገኝተው ይረዱ።

ስለ ሰላሙም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዚህ ዞንና በአጎራባቹ በሰሜን ሸዋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ቤትም ተቃጥሏል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴ ደርሶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቈይቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በዐማራ ክልል በተነሣው ውጊያ መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ ታይቷል። እንግዲህ ነርሷ ስለ አውራ ጎዳናው ሁኔታ ዘወትር መጠየቅ፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜ የሚያቈያትን እህልና ገንዘብ በቤትዋ ማኖር ይኖርባታል። ይህንን የምንለው ሰውን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ አውቆ የገባ ሰው ከማያውቅ ሰው ይልቅ ስለሚጸና ነው።

የጽሕፈት ቤቱም ጉዳይ የራሱ ሥርዐት አለው። ዝውውር የሚሆነው ክፍት የሥራ መደብ ሲኖርና የሚለቅቀውም የሚቀበለውም መሥሪያ ቤት ሲስማሙ ነው። ነርሷ መሸኛዋን፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን፣ ክሊራንስዋንና የሙያ ፈቃድዋን አሟልታ ሳትይዝ ቤት ከለቀቀች፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለ ደመወዝ ልትቀር ትችላለች። ከክልል ወደ ክልል ስትሄድም የመንግሥት አገልግሎት ዘመንዋ ለጡረታ እንዲታሰብላት የግል ማኅደርዋ መከተሉን ታረጋግጥ።

ይህ ሒሳብ በአገራችን ብቻ የሚደረግ አይደለም። በአሜሪካ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችም ኪራይ ሲከብዳቸው ወደ ቴክሳስ መሄድን ያስባሉ። በዚያ ከ40 በላይ ስቴቶች በተስማሙበት ውል መሠረት፣ ከአባል ስቴቶች ባንዱ ይህን የጋራ የሙያ ፈቃድ የያዘች ነርስ በሌሎቹም መሥራት ትችላለች። መኖሪያዋን ለውጣ ወደ ሌላ አባል ስቴት ስትገባ ግን በ60 ቀን ውስጥ የዚያን ስቴት ፈቃድ መጠየቅ አለባት። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ በውሉ ውስጥ ሲገኙ፣ ካሊፎርኒያ ግን የለችበትም። ይህንን ሳታጣራ ዕቃዋን የጫነች ነርስ እንደ ደረሰች ሥራ ፈትታ ትቀመጣለች።

የነርስነት ሥራ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ከመዛወር ጋራ የተያያዘ ነው። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በሎንዶን ነርስነት ተምረው ከተመለሱ በኋላ ከባለቤታቸው ጋራ ወደ ወለጋ ሄደው፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት ከእርግዝና በተያያዘ ሕመም ዐርፈዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ እንኳ ከዋና ከተማ ርቃ በወሊድ ሕመም ከሞተች፣ የገጠርዋ እናት ምን ያህል እንደምትጋለጥ መገመት አያዳግትም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ጤና መኰንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን እያሠለጠነ በየጠቅላይ ግዛቱ ወደ ነበሩት ጤና ጣቢያዎች ይልክ የነበረው ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ መዛወር ለሚያስቡ ባለትዳሮች ምክራችን ይህ ነው። መጀመሪያ ከሁለት አንዳችሁ ሄዳችሁ አንድ ሳምንት ተቀምጣችሁ ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱንና ሐኪም ቤቱን እዩ። ከዚያም ኪራይ የሚያተርፍላችሁን ገንዘብ በወር ሳይሆን በሦስት ዓመት አስቡት። የመጀመሪያው ዓመት የጓዝ፣ የሕመምና የባይተዋርነት ዓመት ስለሆነ ትርፉ እምብዛም አይታይም። በስድስት ወር የምትመለስ ነርስ ያጠራቀመችውን በመንገድ ጨርሳ ትገባለች። በሽተኞቹም ገና አፋቸውን ፈትተው የነገሯትን ነገር ለሌላ እንግዳ እንደገና ከመጀመሪያው ሊነግሩ ይገደዳሉ። የቈየችው ግን ርካሹን ኑሮ በእርግጥ ታገኘዋለች። በሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ከገጠር ስትመጣም «ሲስተር አለች?» ብላ በስሟ የምትጠይቃት ነርስ ትሆናለች።