ሦስት ቀን፣ አራት ሐይቅ፦ ዕረፍታችሁ ያሳርፋችኋል?

ውድ ባለ ትዳሮች፣ ለዕረፍት ወጥታችሁ ከወትሮው ይልቅ ደክማችሁ የተመለሳችሁበት ጊዜ የለም?

አንድ ባልና ሚስት እናውቃለን። በተጋቡ በስድስተኛው ዓመት ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻቸው ወደ ባቱ ወረዱ። ባል ዕቅዱን በወረቀት ጽፎ ይዟል፦ በሦስት ቀን የዝዋይ ሐይቅ አምስቱ ደሴቶች፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሁለት ጊዜ በጀልባ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲንጣት ሚስት አቅለሸለሻት። እርሱ ግን «ገና ሁለት ደሴት ይቀረናል» አለ። ማታ የቀረበላቸው ዓሣ ሳይነካ ቀዘቀዘ። «እኔ የመጣሁት ደሴት ልቆጥር አይደለም፤ ከአንተ ጋር ልሆን ነው» ብላ አለቀሰች።

ባልየው ክፉ ሰው አልነበረም። ገንዘብ የወጣበት ቀን በከንቱ እንዳያልፍ ሰግቶ ነው። ብዙዎቻችንስ እንዲሁ አይደለንም?

የአየር ጋን ተሸክመው ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ለዚህ ነገር ሕግ አላቸው። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሲተነፍሱ ናይትሮጅን የተባለው ጋዝ በሰውነታቸው ውስጥ ይሟሟል። ጋዙ ቀስ ብሎ እንዲወጣ በአንዱ ጥልቀትና በሌላው መካከል ከውኃ ወጥተው ይቆያሉ። በቀን ውስጥ በደጋገሙት ቁጥር ጋዙ ይጠራቀማል። ለቀናት ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ይህን የናቀ ለከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሲብስም ለሽባነት ሊዳረግ ይችላል። ድካምም በትዳር ውስጥ እንዲሁ ሳይታይ ይጠራቀማል፤ የሚወጣው ግን በቁጣ ቃል ነው።

እንግዲህ ወደ ባቱ ብትሄዱ «በቀን አንድ ውኃ» የሚለውን ደንብ ሞክሩት።

የመጀመሪያውን ቀን ለዝዋይ ስጡ። ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይበረታ፣ በጀልባ ውጡ። ከደሴቶቹ አንዱ ይበቃችኋል። የዘይ ሕዝብ የሚኖርበትን ቱሉ ጉዶን ከመረጣችሁ ሩቅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስጡት። በዝዋይ ግን አትዋኙ፤ ቢልሃርዝያም ጉማሬም አለበት።

ሁለተኛው ቀን የላንጋኖ ይሁን። ውኃው ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዝያ የሌለበት በመሆኑ ይታወቃል፤ ሰዎች የሚዋኙትም እዚያ ነው።

ሦስተኛውን ቀን ባዶ ተዉት። ጉልበት ከተረፋችሁ አብያታና ሻላ ከላንጋኖ በአውራ ጎዳናው ማዶ ናቸው። ሻላ እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ዝዋይ ግን 9 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጉልበት ከሌላችሁ ሐይቅ ተነሥቶ አይሄድም፤ ለሌላ ዓመት ይቆያል።

ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ሁለታችሁም በየግላችሁ በጣም የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ። ዕቅዱ ከእነዚያ ሁለት ነገሮች ይጀምር።

ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ፋታ ባጡ ጊዜ ለብቻቸው ገለል ብለው እንዲያርፉ ጠርቷቸዋል (ማር. 6፥31)። የሄዱትም በጀልባ ነበር።

እነዚያ ባልና ሚስት በማግስቱ የትም አልሄዱም። ወረቀቱ ከኪስ ሳይወጣ፣ በሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ፔሊካኖችንና አባ ኮዳዎችን ሲያዩ ዋሉ፤ ይቅርታም ተጠያየቁ። ስለ ደሴቶቹ ቢጠየቁ ብዙ የሚናገሩት የላቸውም። ስለዚያች ቀን ግን ዛሬም ያወራሉ።

የእናንተስ ዕቅድ እንዲህ ላለ ቀን ቦታ አለው?