ክሡት ቁልፍና ኅቡእ ቁልፍ

ሁለት ሰዎች በምሥጢር ለመጻጻፍ ሲሹ፥ አስቀድመው ተገናኝተው ወይም የታመነ መልእክተኛ ልከው፥ ጽሑፉ የሚሰወርበትንና የሚገለጥበትን አንድ ቁልፍ መካፈል እንዳለባቸው ከጥንት ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የጸና ሕግ ነበር። ይህን ሕግ በ1976 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት፥ አንዱ ቁልፍ ለዓለም ሁሉ ክሡት ሆኖ ሌላው ብቻ ኅቡእ ሊሆን እንደሚችል በማሳየት አናወጡት። በተከታዩ ዓመት ሮናልድ ሪቨስት፥ አዲ ሻሚርና ሌናርድ አድልማን ሐሳቡን ለሥራ የሚያበቃ ስልት አገኙ፤ ክሊፎርድ ኮክስ የተባለ እንግሊዛዊም በ1973 ደርሶበት ኖሮ፥ ሥራው የመንግሥት ምሥጢር በመሆኑ እስከ 1997 ድረስ ሳይታወቅለት ቆይቷል።

የስልቱ መሠረት ብቸኛ ቁጥር፥ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር በሌላ ያለ ቀሪ የማይካፈለው ቁጥር ነው። ነገሩ እንዲገለጥልን 3ንና 11ን እንውሰድ፤ ብዜታቸው 33 ነው፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ አጉድለን 2ን በ10 ብናባዛ 20 እናገኛለን። ክሡቱ ቁልፍ 33ና 3 ሲሆን፥ ኅቡኡ 7 ነው፤ 3 በ7 ተባዝቶ 21 ሆኖ፥ ለ20 ሲካፈል 1 ይተርፋልና። 4ን በምሥጢር መላክ የሚሻ ሰው፥ የክሡቱ ቁልፍ 3 እንደሚያዝዘው ሦስት 4ዎችን እርስ በርሳቸው አባዝቶ 64 ያገኛል፤ ለ33 ሲያካፍለው የሚተርፈውን 31 ይልካል። ተቀባዩ በኅቡኡ ቁልፍ በ7 መሠረት ሰባት 31ዎችን እርስ በርሳቸው አባዝቶ ለ33 ቢያካፍል፥ ቀሪው ያው 4 ሆኖ ይመጣለታል! ይህ የግድ እንዲሆን የሚያደርገውን ሕግ ሌኦንሃርድ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዓመት፥ ስለ ባንክም ስለ ጦርም ሳይሆን ስለ ቁጥር ጠባይ ሲመራመር አረጋግጦታል።

ኅቡኡን ቁልፍ ለማወቅ የክሡቱን ብዜት አካፋዮች ማግኘት ይበቃል፤ የ33ን አካፋዮች ተማሪ ልጅ ያገኛቸዋል፤ ዛሬ በሥራ ላይ የሚውሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን እያንዳንዳቸው ከ300 የሚበልጥ አኃዝ ስላላቸው፥ እነርሱን ማባዛት ለኮምፒዩተር የቅጽበት ሥራ ሲሆን፥ ከብዜቱ ተነሥቶ ወደ እነርሱ መመለስ እስካሁን ለማንም አልተቻለም። ሦስቱ ሊቃውንት በ1977 ባለ 129 አኃዝ ቁጥር አቅርበው ለሚፈታው 100 ዶላር ሽልማት ቢያውጁ፥ የተፈታው በ1994፥ 600 ያህል ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮቻቸውን ካስተባበሩ በኋላ ነበር።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን፥ የነገሥታት ደብዳቤና የድኻ ገንዘብ የተጠጋበት ይህ አካፋዮችን የማግኘት ጭንቅ፥ በእውነት ጭንቅ ለመሆኑ ማረጋገጫ ያልተገኘለት መሆኑ ነው፤ አቋራጭ መንገድ አልተገኘም እንጂ፥ የለም ብሎ ያጸና ሊቅ ገና አልተነሣም። እንዲያውም ፒተር ሾር በዚያው በ1994፥ በኳንተም ሕግ የሚሠራ ታላቅ ኮምፒዩተር ቢገኝ አካፋዮቹን ፈጥኖ ሊያገኝ እንደሚችል አሳየ። ስለዚህም የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2024 በሌላ ዓይነት ሒሳብ የተመሠረቱ አዳዲስ ስልቶችን አወጣ፤ የእነርሱም ጽናት እስከ ዛሬ የተመሰከረው በማረጋገጫ ሳይሆን፥ ብዙ ሊቃውንት ሊፈቷቸው ደክመው ባለመቻላቸው ነው።