በፓቲንግ ቸኩሎ የተጠቀመ የለም

ጎልፍ ሲነሣ ለብዙ ሰው የሚታየው ኳስን አርቆ መምታት ነው። ሒሳቡ ግን ወዲህ ነው፦ 72 ምት በተመደበለት ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ፣ 36ቱ የሚታሰበው ለፓቲንግ፣ ማለትም ጉድጓዱ አጠገብ ተደርሶ ኳሷን በመሬት ለማንከባለል ነው። ጉድጓዱ 10.8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ጉልበት የለበት፣ ሩጫ የለበት፤ ሆኖም ስንቱን ጎበዝ ያሳፍራል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ቴምፖው፣ ማለትም የምቱ የጊዜ አካሄድ ነው። ተጫዋቹ ፓተሩን፣ ማለትም የፓቲንግ ዱላውን፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይስብና ኳሷ መንገድ ላይ እንዳትቀር ሰግቶ ድንገት ይገፋታል። አለዚያም አብዝቶ ይስብና ኳሷ ጋ ሲደርስ ፈርቶ እጁን ይይዛል። የበሰለ ተጫዋች ለ2 ሜትርም ሆነ ለ8 ሜትር የሚፈጅበት ጊዜ ተቀራራቢ ነው፤ ለሩቁ ፓተሩን ሰፋ አድርጎ ያወዛውዘዋል እንጂ አይቸኩልም። የግድግዳ ሰዓት ፔንዱለምም እንዲሁ ነው።

ይህን ለመለማመድ የሙዚቀኞቹ ምት ቆጣሪ፣ ሜትሮኖም፣ ይበቃል፤ ስልክ ላይ ይጫናል። በደቂቃ 80 ምት ላይ ያድርጉት። አንዴ ቋ ሲል ፓተሩ ከኳሷ ይነሣ፤ ሁለተኛው ላይ የኋላ ጉዞውን ይጨርስ፤ ሦስተኛው ላይ ኳሷን አልፎ ከፊት ይቁም። በሁለት ድምፅ መካከል 0.75 ሴኮንድ አለ፤ ኳሷ የምትነካው በሁለተኛውና በሦስተኛው ድምፅ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚወስደው ጊዜ፣ ተመልሶ ኳሷን እስኪነካ ከሚወስደው እጥፍ ይሆናል። ባለሙያዎች የሚመክሩትም ይህንኑ 2 ለ 1 ነው። 80 ከፈጠነብዎ ወደ 70 ያውርዱት፤ በየቀኑ መለዋወጥ ግን አይበጅም።

ወደ መጫወቻ ሜዳው ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለው። በድሬዳዋ ሙቀት ግን ሣር ማለምለም ውኃ መጨረስ ነው። ደረቅ አገሮች መላ አላቸው፦ አሸዋን በዘይት ለውሰው ይደለድሉታል፤ ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት የኳሷን መንገድ በመጥረጊያ ያስተካክላል። የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ እንዳለ ግን አይሆንም፤ ኳስ ይውጣል፣ ጎርፉም ቀጠሮ አይሰጥም።

ድምፃዊ አሊ ቢራን ላፈራች ድሬዳዋ ምት መቁጠር ብርቅ አይደለም። ከዚራም ሆነ ሳቢያን ሰፈር ቢኖሩ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ሳሎን ምንጣፍ ላይ አንድ ብርጭቆ አጋድመው ይሞክሩት። መጀመሪያ ያለ ኳስ ያወዛውዙ፤ ኳሷን የሚያስቀምጡት እጅዎ ድምፁን ሲለምድ ብቻ ነው።